የመርሳት በሽታና በመስተዋት የሚያየው ሐኪም

(በራዲዮ ከተነገረው ንግግር)



በብዙ ቤተ ሰብ ውስጥ አንድ ቀን ሳይወድዱ የሚነሣ ከባድ ጥያቄ አለ። እናት ብቻቸውን መኖር ይችላሉን? አባት የጡረታ ገንዘባቸውን ራሳቸው ቢይዙ ይሻላል ወይስ ሌላ ሰው ይያዝላቸው? ምድጃ ይለኵሱ ወይስ ይከልከሉ? የቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን? እነዚህ ነገሮች ሲያዩአቸው ተራ የጓዳ ጥያቄዎች ይመስላሉ። በእውነቱ ግን የአንድን ሰው ነጻነት የሚወስኑ ናቸው። ፍርዱ ወደ አንዱ ወገን ቢሳሳት አረጋዊው በእሳት ወይም በረኃብ ይጐዳሉ፤ ወደ ሌላው ወገን ቢሳሳት ደግሞ ገና ሥራቸውን መሥራት የሚችሉ ሰው በሕይወት ሳሉ ከቤታቸው ጌትነት ይሻራሉ።

ታዲያ እንዲህ ላለው ፍርድ ምክሩን የሚሰጠው ሐኪም በምን ማስረጃ ላይ ይመሠረታል? ዛሬ በልዩ ልዩ ሀገሮች ሐኪሙ ከበሽተኛው ቤት በብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ተቀምጦ፣ አረጋዊቷ ሻይ ሲያፈሉ፣ መድኃኒታቸውን ሲለዩ፣ ሹራባቸውን ሲለብሱ በቪዲዮ መስተዋት እየተመለከተ አስተያየቱን ይሰጣል። ይህ አሠራር በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ሁለት የተለያዩ መንገዶች ለየብቻቸው ብዙ ዘመን ከተጓዙ በኋላ የተገናኙበት ነው። አንደኛው መንገድ ሐኪሞች በሽተኛውን «ምን ታስታውሳለህ?» ከማለት አልፈው «ምን ትሠራለህ?» ብለው መጠየቅን የተማሩበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሐኪሙ ዓይን በሽቦና በሞገድ ተሳፍሮ ሩቅ ሀገር መድረስን የተማረበት ነው። በዛሬው ንግግራችን የሁለቱን መንገዶች ታሪክ በአጭሩ እንተርካለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

አስቀድሞ ስለ በሽታው ጥቂት መናገር ይገባል። በልማዳችን አንድ አረጋዊ ነገር ሲደጋግሙ፣ የልጃቸውን ስም ሲስቱ፣ ዕቃ ያኖሩበትን ሲዘነጉ «ጃጅተዋል» ተብሎ ይታለፋል። ይህ አነጋገር እርጅናንና በሽታን አንድ ያደርጋቸዋል። ሕክምና ግን ከለያቸው ብዙ ዘመን ሆኖታል። እርጅና ብቻውን ሰውን ያዘገየዋል እንጂ ከገዛ ቤቱ አያሳስተውም። ዲሜንሺያ፣ በተለመደው አጠራር የመርሳት በሽታ የሚባለው፣ አንጐልን የሚጐዱ የልዩ ልዩ ሕመሞች ውጤት ሲሆን ከእነዚህም መካከል አብዛኛውን ቁጥር የሚይዘው የአልዛይመር በሽታ ነው። የአንጐል የደም ሥሮች መጐዳትም ሌላው ታላቅ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2021 ዓ.ም. በመላው ዓለም 57 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች በዚህ በሽታ ተይዘው ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህም መካከል ከመቶ ከ60 የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች የሚገኙ ናቸው። ስለዚህ ነገሩ የባዕዳን ጕዳይ ነው ብለን የምንተወው አይደለም።

የመጀመሪያው መንገድ ታሪክ ከጀርመን ሀገር ይነሣል። በ1901 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር በፍራንክፉርት ከተማ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር አሎይስ አልዛይመር አንዲት የ51 ዓመት ወይዘሮ መረመሩ። ስማቸውን ጠየቋቸው፤ ዕቃ እያሳዩ ምን እንደሆነ አስጠሯቸው፤ ምሳ ሲበሉም የሚበሉትን እንዲነግሯቸው አደረጉ። ወይዘሮዋ የሚበሉት ሥጋና አበባ ጎመን ሲሆን መልሳቸው ስፒናች ነው የሚል ነበር። ስማቸውን እንዲጽፉ በታዘዙ ጊዜ መጨረስ ተሳናቸውና ራሳቸውን እንዳጡ ተናገሩ። እኒህ ሴት በ1906 ዓ.ም. በአፕሪል ወር ሞቱ። ዶክተር አልዛይመርም አንጐላቸውን በማይክሮስኮፕ መርምረው ያገኙትን በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር በቱቢንገን ከተማ ለተሰበሰቡ ሐኪሞች አስረዱ። በ1910 ዓ.ም. ፕሮፌሰር ኤሚል ክሬፐሊን ባሳተሙት የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ በሽታው በአልዛይመር ስም እንዲጠራ አደረጉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። ዶክተር አልዛይመር በ1907 ዓ.ም. ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ ውስጥ፣ ወይዘሮዋ በገዛ መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ መንገዱ ይጠፋባቸው እንደነበር፣ ዕቃ ወዲያና ወዲህ እያመላለሱ ይደብቁ እንደነበር ገልጸዋል። እንግዲህ ሐኪሙ በሽተኛዋን ያዩት በሆስፒታል ውስጥ ነው፤ በሽታው ግን አስቀድሞ የታየው በቤት ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ያዩትም የቤት ሰዎች እንጂ የተማሩ ሐኪሞች አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ብዙ ዓመታት ሐኪሞች በማይክሮስኮፑ ላይ ሲያተኵሩ ጓዳውን ዘንግተውት ኖሩ ማለት ይቻላል።

ወደ ጓዳው እንዲመለሱ ያደረጋቸው ግን የመርሳት በሽታ ሳይሆን የአጥንት ስብራት ነበር። በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ ዶክተር ሲድኒ ካትዝና የሥራ ጓደኞቻቸው የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች እንዴት እንደሚያገግሙ ይከታተሉ ነበር። ሲከታተሉም አጥንቱ መግጠሙ ብቻ የበሽተኛውን መዳን እንደማያስረዳ ተገነዘቡ። ስለዚህ ስድስት ነገሮችን መርጠው መመዝገብ ጀመሩ፤ ይኸውም ገላን መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ ከአልጋና ከወንበር መነሣት፣ ሽንትንና ሰገራን መቈጣጠር፣ ራስን መመገብ ናቸው። መመዘኛውን በ1963 ዓ.ም. አሳተሙት። ያስተዋሉትም ነገር የሚያስደንቅ ነበር፤ የሚያገግም አረጋዊ አስቀድሞ የሚመለስለት መብላትና ራስን መቈጣጠር ነው፤ ቀጥሎ መነሣትና ወደ መጸዳጃ መሄድ ይከተላል፤ መልበስና መታጠብ በመጨረሻ ይመጣሉ። ይህም ሕፃን ልጅ እያደገ ሲሄድ ራሱን ከሚችልበት ተራ ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ።

በ1968 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሀገር በኒውካስል ከተማ ብሌሲድ፣ ቶምሊንሰንና ሮዝ የተባሉ ሦስት ሐኪሞች ከዚህ የበለጠ ነገር አሳዩ። የበሽተኞቹን ዘመዶች እየጠየቁ አረጋዊው የቤት ሥራ መሥራት፣ ጥቂት ገንዘብ መቍጠር፣ በቤታቸው ውስጥ መንገዳቸውን ማወቅ ይችሉ እንደሆነ መዘገቡ። በሽተኞቹ ከሞቱ በኋላም አንጐላቸውን መርምረው በሽታው ያኖረውን ምልክት ቈጠሩ። ዘመዶች የተናገሩትና ማይክሮስኮፑ ያሳየው ተስማማ፤ የዕለት ኑሮው ይበልጥ የተናጋበት ሰው በአንጐሉ ውስጥ የሚገኘው ምልክት በዝቶ ተገኘ። ከዚህ በኋላ የቤት ሰው ምስክርነት እንደ ተራ ወሬ የሚናቅ ሊሆን አልቻለም።

በተከታዩ ዓመት፣ ማለት በ1969 ዓ.ም.፣ በፊላደልፊያ ከተማ ፓውል ላውተንና ኢሌን ብሮዲ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የዶክተር ካትዝን መመዘኛ አስፋፉት። ሰው ይበላል፣ ይለብሳል፣ ነገር ግን ብቻውን ለመኖር ይህ አይበቃውም ብለው ስምንት ሥራዎችን ዘረዘሩ፤ በስልክ መነጋገር፣ ገበያ ወጥቶ መግዛት፣ ምግብ ማዘጋጀት፣ ቤት ማጽዳት፣ ልብስ ማጠብ፣ ከቦታ ወደ ቦታ መጓዝ፣ መድኃኒትን በሰዓቱ መውሰድና ገንዘብን ማስተዳደር ናቸው። የመርሳት በሽታ ሲጀምር አስቀድሞ የሚነካው እነዚህን ረቀቅ ያሉ ሥራዎች ነው፤ ይልቁንም የገንዘብና የመድኃኒት ነገር ቀድሞ ይናጋል። ልብስ መልበስና መመገብ ግን እስከ መጨረሻው ዘመን ሊቈዩ ይችላሉ።

አንባቢን ሊያሳስበው የሚገባ አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። በመጀመሪያ ጊዜ ወንዶች በአምስቱ ሥራዎች ብቻ ይመዘኑ ነበር፤ ምግብ ማብሰል፣ ቤት ማጽዳትና ልብስ ማጠብ ይቀሩላቸው ነበር። ይህም በዕድሜው ሁሉ ወጥ ሠርቶ የማያውቅን ሰው «ወጥ መሥራት አቃተው» ብሎ መመዝገብ ፍርደ ገምድልነት ስለሚሆን ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ይህን ሥራ ይችላልን?» ሳይሆን «አስቀድሞ ይሠራ የነበረውን ሥራ ዛሬስ ይሠራዋልን?» የሚለው ነው። ቼክ ፈርመው የማያውቁ እናት ስለ ባንክ ቢጠየቁ ምን ይመልሳሉ? ዕቁባቸውን በቀኑ ይጥሉ እንደሆነ፣ የእድር መዋጮ ሁለት ጊዜ ከፍለው እንደሆነ፣ ከገበያ ሲመለሱ መልሱን ቈጥረው እንደሆነ ቢጠየቅ ግን እውነቱ ይገኛል። መመዘኛ ከሀገር ወደ ሀገር ሲሻገር ልብሱን መለወጥ ያስፈልገዋል።

በ1975 ዓ.ም. ዶክተር ማርሻል ፎልስቲንና ጓደኞቻቸው ያሳተሙት ከ30 ነጥብ የሚታረም አጭር የአእምሮ ፈተና በመላው ዓለም ተሠራጨ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ሦስት ቃላትን፣ የቍጥር ቅነሳን ይጠይቃል። ፈጣንና ጠቃሚ ሆኖ ሳለ አንድ ጕድለት ነበረበት፤ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ጤነኛ ሆኖ ነጥብ ይጐድልበታል፤ ብዙ የተማረ ሰው ደግሞ ቤቱ እየተበላሸ ሳለ ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ምክንያት በ1982 ዓ.ም. ዶክተር ፌፈርና ጓደኞቻቸው ለቤተ ሰብ የሚቀርቡ አሥር ጥያቄዎች ያሉበትን መመዘኛ አወጡ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ዶክተር ዴቪድ ሎወንስቲን ከሌሎች ጋር ሆነው መጠየቁን ትተው ማሠራት ጀመሩ። በሽተኛው በመርማሪው ፊት ሰዓት ያነብባል፣ ስልክ ይደውላል፣ ገንዘብ ይቈጥራል፣ ይለብሳል፣ ይበላል፤ መርማሪውም እየተመለከተ ነጥብ ይይዛል።

መጠየቅና ማሠራት የተለያዩ የሆኑበት ምክንያት ግልጽ ነው። የመርሳት በሽታ ያደረበት ሰው ብዙውን ጊዜ ሕመሙን ራሱ አያውቀውም፤ «ሁሉንም እሠራለሁ» ይላል፤ ሲልም አይዋሽም። ልጁ በበኩሉ ስለሚሳሳለት ጕድለቱን ይሸፍንለታል፤ ወይም በማስታመም ብዛት ከመድከሙ የተነሣ ጕድለቱን ያበዛበታል። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንደሚባለው፣ እጅ ሲሠራ ማየት ከሁለቱም ምስክሮች ጋር የሚነጻጸር ሦስተኛ ምስክር ነው። ዳሩ ግን ለማየት ሐኪሙ ቤት ድረስ መሄድ ነበረበት፤ የሐኪሙ ጊዜና የመንገዱ ርቀት ደግሞ ይህን አልፈቀዱም። እዚህ ላይ ሁለተኛውን መንገድ ማንሣት ግድ ይሆናል።

የሐኪም ዓይንና ጆሮ በሽቦ መጓዝ የጀመረው ገና በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ነው። በ1905 ዓ.ም. በኔዘርላንድ በላይደን ከተማ ፕሮፌሰር ቪለም አይንትሆቨን በሆስፒታል የተኛ ሰው የልብ ምት አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል በስልክ ሽቦ ተጕዞ በላቦራቶሪያቸው ባለው መሣሪያ እንዲመዘገብ አደረጉ። በ1924 ዓ.ም. ራዲዮ ኒውስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ሐኪም በራዲዮ አማካይነት ሩቅ ያለ ሕፃን ሲመረምር የሚያሳይ ሥዕል በሽፋኑ ላይ አወጣ። በዚያን ጊዜ ሕልም እንጂ ሌላ አልነበረም። በ1936 ዓ.ም. ግን የጀርመን ፖስታ መሥሪያ ቤት በበርሊንና በላይፕሲግ ከተሞች መካከል ተነጋጋሪዎች ፊት ለፊት የሚተያዩበትን የስልክ አገልግሎት ለሕዝብ ከፈተ። ጦርነቱ መጣና አገልግሎቱ በ1940 ዓ.ም. ተቋረጠ።

ቴሌቪዥንን ለአእምሮ ሕሙማን ያዋለው የመጀመሪያው ታላቅ ሥራ የተፈጸመው በአሜሪካ በነብራስካ ግዛት ነው። ዶክተር ሴሲል ዊትሰን በ1959 ዓ.ም. በኦማሃ ከተማ ባለው የአእምሮ ሕክምና ተቋም ውስጥ ሁለቱም ወገን የሚተያዩበትን ቴሌቪዥን ለሕክምና አዋሉ። በ1964 ዓ.ም. መሥመሩ 112 ማይል፣ ማለት 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው የኖርፎክ ሆስፒታል ጋር ተገናኘ። ምክንያቱም ቀላል ነበር፤ ብዙ ሕሙማን በኖርፎክ ሲኖሩ ልዩ ሐኪሞቹ ግን በኦማሃ ነበሩ። ይህ የሆነበት ዓመት በሀገራችንም የቴሌቪዥን ሥርጭት በአዲስ አበባ የተጀመረበት ዓመት መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ይቻላል።

በ1968 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ዶክተር ኬኔዝ በርድ የማሳቹሴትስ ጄነራል ሆስፒታልንና የከተማውን የአይሮፕላን ማረፊያ ክሊኒክ በቴሌቪዥን አገናኙ። ርቀቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ ነገር ግን በመካከሉ ያለው የመኪና መጨናነቅ ሐኪሙን ያዘገየው ስለነበር መሥመሩ አስፈለገ። ከዚህ የምንማረው፣ ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ የማይለካ መሆኑን ነው። ቅርብ ሆኖ የማይደረስበት ብዙ ቤት አለ። በ1970 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ታላቅ የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ በፒትስበርግ ከተማ ምስል የሚያሳይ ስልክ ለገበያ አቀረበ፤ ዋጋው ከባድ ስለነበረና የሚደወልለት ሰው ስላልነበረ ጥቂት ዓመት ቈይቶ ቀረ። ጥበቡ ከዘመኑ ቀድሞ መጥቶ ነበርና ርካሽ እስኪሆን ድረስ መቈየት ነበረበት።

ሁለቱ መንገዶች እየተቀራረቡ የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው። በ1988 ዓ.ም. ጄሰን ብራንትና ጓደኞቻቸው የማስታወስ ችሎታን በስልክ የሚመረምሩበትን ፈተና አሳተሙ። ጆሮ ደረሰ፤ ዓይን ግን አልደረሰም። ኢንተርኔት ሲስፋፋ በቪዲዮ የሚደረገው ምርመራ በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በሌሎችም ሀገሮች ተሞከረ። በ2014 ዓ.ም. በቴክሳስ የሚኖሩት ዶክተር መንሮ ከለምና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት 202 ሰዎች አንድ ጊዜ ፊት ለፊት፣ አንድ ጊዜ በቪዲዮ ተመርምረው ውጤቱ በጣም ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ይህ ግን የቃልና የማስታወስ ፈተና ነው። ቃል በመስተዋት ያልፋል። እጅ ሲሠራ ለማየት ግን መስተዋቱ ራሱ ወደ ጓዳው መግባት ነበረበት።

ወደ ጓዳው በግድ ያስገባው የ2020 ዓ.ም. ወረርሽኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በማርች 11 ቀን ኮቪድ 19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ካስታወቀ በኋላ አረጋውያን ከሆስፒታል ደጅ እንዲርቁ ተመከሩ። የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ከዚያ በፊት በቪዲዮ ለሚሰጥ ሕክምና የሚከፍለው በአብዛኛው በገጠር ላሉ፣ ያውም ወደ ክሊኒክ ሄደው ለሚታዩ ሕሙማን ነበር። በዚያው ወር ግን ደንቡ ላላና በሽተኛው በቤቱ ተቀምጦ እንዲታይ ተፈቀደ። ብዙ ሐኪሞችና የዕለት ተዕለት ሥራን በማሠልጠን የሚያክሙት ኦኩፔሽናል ቴራፒስት የሚባሉ ባለሙያዎች የበሽተኛቸውን ወጥ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በዚህ ምክንያት ነው። አልዛይመር በጽሑፍ ብቻ ያስቀሩት ቤት ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ በመስተዋት ተከፈተ።

አሠራሩ እንዴት እንደሆነ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል። አንድ ዘመድ ወይም ረዳት ስልኩን ወይም ታብሌቱን ይይዛል። ባለሙያው አስቀድሞ የአረጋዊቷን መነጽርና የጆሮ ማዳመጫ፣ የቤቱን ብርሃን፣ የድምፁን ጥራት ያረጋግጣል፤ በደንብ የማይሰማ ሰው የማይረዳ ሊመስል ይችላልና። ከዚያም ለእርሳቸው የተለመደ አንድ ሥራ እንዲሠሩ በትሕትና ይጠይቃል። ለምሳሌ ሃምሳ ዓመት ቡና ያፈሉ እናት ቡናውን እንዲያፈሉ ይጠየቃሉ። ባለሙያው የሚያየው ቡናው መጣፈጡን አይደለም። ሥራውን በራሳቸው ይጀምራሉን? ተራውን ይጠብቃሉን? ሳይቈሉ ለመውቀጥ ይሞክራሉን? ጀበናው ቢፈላ ያስተውላሉን? በመጨረሻስ እሳቱን ያጠፋሉን? ቢሳሳቱ ራሳቸው ያርማሉ ወይስ የሰው ቃል ይጠብቃሉ? ቃል ቢበቃቸው አንድ ደረጃ ነው፤ እጅ ካልያዟቸው የማይሆን ከሆነ ሌላ ደረጃ ነው። ይህም ልዩነት ምን ዓይነት ረዳት እንደሚያስፈልጋቸው ይወስናል።

በእንዲህ ያለው ምርመራ ጊዜ ለዘመድ ከባዱ ሥራ ዝም ማለት ነው። ከመስተዋቱ ጀርባ ቆሞ በጥቅሻ ወይም በሹክሹክታ የሚረዳ ልጅ እናቱን የጠቀመ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሚገባቸውን ረዳት ያስከለክላቸዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶች ቃል ለእርሱም ይሠራል። መታጠብና መጸዳዳትን በተመለከተ ደግሞ መስተዋቱ መግባት የለበትም። እነዚህ ይጠየቃሉ እንጂ አይታዩም። ቤቱ ሲታይም በባለቤቱ ፈቃድ መሆን አለበት፤ ሕመምተኛ ሆነዋልና ክብራቸው ተገፎ ሳያውቁ ይታዩ ማለት አይገባም።

የመስተዋቱን ጕድለት ሳንናገር ብናልፍ ታሪኩን ግማሽ አድርገን መተው ይሆናል። መስተዋት ሽታ አያሳይም፤ የተበላሸ ወጥ፣ ያልታጠበ ልብስ፣ የሚያፈስ ጋዝ በእርሱ አይታወቅም። የጡንቻን መድከምና የአካሄድን መናወጥ በሚገባ አያሳይም። አንዳንዱ አረጋዊ በመስተዋቱ ውስጥ የሚናገረው ሰው ለእርሳቸው የሚናገር መሆኑን ላይረዱ ይችላሉ። የኢንተርኔቱ መቈራረጥ የአእምሮ መቈራረጥ መስሎ ሊመዘገብ ይችላል። ይህን አገልግሎት ይበልጥ የሚፈልገው ሩቅ የሚኖረው ድሃ ሆኖ ሳለ፣ መሣሪያውና መሥመሩ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ በከተማ የሚኖረው ባለጸጋ ነው። ስለዚህ የሰውን ገንዘብ ወይም ቤት ከእጁ ለመውሰድ የሚያበቃ ፍርድ በአንድ የቪዲዮ ጥሪ ብቻ ሊሰጥ አይገባውም። መስተዋቱ አንድ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም።

ይህ ጥበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሕንድ ከአፍሪካ ኅብረት ጋር በመተባበር በዘረጋችው የኤሌክትሮኒክ መረብ አማካይነት በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሐኪሞች በሕንድ ካሉ ሐኪሞች ጋር በቪዲዮ መመካከር ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗል። ከዚህም ይልቅ ዛሬ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ የሚኖር ልጅ እናቱን በየሳምንቱ በስልኩ መስተዋት ያያል። የሩቁ ልጅ ራሱ ሳያውቀው የመጀመሪያው መርማሪ ሆኗል ማለት ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ማታለያ አለ። የመርሳት በሽታ ከሚያጠፋቸው ነገሮች መካከል ሰላምታ በመጨረሻ ከሚጠፉት ወገን ነው። የእኛ ሰላምታ ደግሞ ረጅም ነው፤ «እንደምን ሰነበትህ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን እኔ ደኅና ነኝ» እያለ ዐሥር ደቂቃ ይሞላል። ቃሉ ከልጅነት ጀምሮ በአፍ የተቀመጠ ስለሆነ አእምሮ ሳይደክም ይወጣል። ልጁም ስልኩን ዘግቶ እናቴ ደኅና ናቸው ይላል። ከዚያ ይልቅ «እማዬ፣ ዛሬ ምን ሠርተው በሉ? እስቲ ድስቱን ያሳዩኝ፤ የመድኃኒትዎን ብልቃጥ ያምጡልኝና አብረን እንቍጠር» ቢላቸው ሰላምታው የሸፈነውን ነገር ያገኛል። ሲያገኝም ቍጣና ተግሣጽ ሳይሆን ሐኪም ያስፈልጋል። መርሳት ሁሉ የማይድን በሽታ አይደለምና፤ የእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ የቫይታሚን ቢ 12 ማነስ፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ የመድኃኒቶች አለመስማማት የመርሳት በሽታን መስለው ይመጣሉ፤ ሲታከሙም ሊሻሉ ይችላሉ። የአእምሮው መታወክ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት የመጣ እንደሆነ ደግሞ ቪዲዮ መጠበቅ አይገባም፤ ያን ጊዜውኑ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል።

በመሥሪያ ቤት የምታገለግሉ አንባብያንም ለዚህ ነገር የራሳችሁ ድርሻ አላችሁ። የጡረታ ደብተር ይዘው በመስኮታችሁ ፊት የሚቆሙ አረጋዊ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ቢመጡ፣ የተቀበሉትን አልተቀበልሁም ቢሉ፣ ለብዙ ዓመት ይፈርሙት የነበረውን ፊርማ ቢስቱ፣ ነገሩ ማታለል ከመሆኑ በፊት ሕመም ሊሆን ይችላል። ገንዘብ አስቀድሞ ከሚናጉት ሥራዎች አንዱ ነው ብለናልና በሽታውን ከሐኪሙ በፊት የምታዩት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ያን ጊዜ አንድ የትዕግሥት ቃል መናገርና የቤተ ሰብ ሰው እንዲመጣ መጠየቅ የሥራችሁ አካል መሆኑን አትዘንጉ።

በአጠቃላይ ሲታይ ይህ ታሪክ የመሣሪያ ታሪክ ይመስላል፤ ነገር ግን የጥያቄ ታሪክ ነው። ሽቦው፣ ሞገዱ፣ መስተዋቱ ሁሉ ሐኪሙን የሚያደርሱት እስከ ቤቱ ደጅ ነው። ከገባ በኋላ ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቀው ካትዝና ላውተን፣ ብሮዲና የኒውካስል ሐኪሞች ስላስተማሩት ነው። አረጋዊን «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ሲስቱ መመዝገብ ቀላል ነው። የቀረላቸውን ችሎታ ፈልጎ ማግኘት፣ ምን ያህል ረዳት ቢጨመርላቸው በቤታቸው ጌታ ሆነው መኖር እንደሚችሉ መወሰን ግን ትዕግሥትንና አክብሮትን ይጠይቃል። የምርመራው መጨረሻ የአረጋዊውን ቁልፍ መቀበል ብቻ ከሆነ መስተዋቱ ተጨማሪ ወህኒ ይሆናል። መጨረሻው ቁልፉን በእጃቸው ለማቈየት የሚያስፈልገውን ረዳት ማግኘት ሲሆን ግን፣ የሐኪሙ ዓይን ይህን ሁሉ መንገድ መጓዙ ዋጋ ያገኛል።